ለበሬው ክትባት አለ፤ ለባለቤቴስ?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከአራት ቀን በፊት በአባሰንጋ የሞተ በሬ ሲያስቀብር የእጅ ጓንቱ ተቀደደ። በማግስቱ በአካባቢው ያለ ከብት ሁሉ ተከተበ። ለሰው ግን ክትባት የለም ተባልን። አንድ የሥራ ባልደረባው ደግሞ ‹ከከብቱ ክትባት ትንሽ ብንወጋ ምን አለበት?› ብሎታል። እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የሦስት ዓመት ልጅም አለን። እውነት ለሰው ክትባት የለም? ካለስ ለምን አይሰጠንም? እኔና ልጄስ መከተብ አለብን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ስለ ክትባቱ ከማውራታችን በፊት የተቀደደው ጓንት ይቅደም። ባለቤትዎ እስካሁን ሐኪም ካላዩ ዛሬውኑ ይሂዱ። ምንም ምልክት ባይኖርም ይሂዱ። ለሐኪሙ በአባሰንጋ የሞተ ከብት መንካታቸውን፣ ጓንቱ የተቀደደበትን ቀን፣ በዚያን ሰዓት እጃቸው ላይ ቁስል ወይም ጭረት እንደነበረ ይንገሩት። መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ወይስ መከታተል ብቻ ይበቃል የሚለው የሚወሰነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

አራት ቀን አለፈ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በቆዳ የሚገባው አባሰንጋ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል፤ አልፎ አልፎ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል እጃቸውን፣ ክንዳቸውን፣ አንገታቸውንና ፊታቸውን በየቀኑ በደንብ ይዩ።

ምን እንደሚፈልጉ ልንገርዎት። ሲጀምር ቢምቢ የነከሰው ነው የሚመስለው። ያሳክካል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንዴ ዙሪያውን ሌሎች ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ይከቡታል። ከዚያ መሃሉ ይሰረጉድና ይጠቁራል፤ ጥቁር ደረቅ ቅርፊት ይሠራል። ዙሪያው ያብጣል፤ እብጠቱ ከቁስሉ መጠን ጋር ጭራሽ አይመጣጠንም። ብብት ሥር ንፍፊት ሊወጣ ይችላል። ሰውን የሚያታልለው ግን ቁስሉ አለማመሙ ነው። መግልም የለውም። «ካላመመኝ ምን አስሮጠኝ» ይባልና ቀናት ያልፋሉ። ይህ ቁስል ካልታከመ ከመቶ እስከ 20 ሰው ሊገድል ይችላል። በጊዜ ከታከመ የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቀን አንቲባዮቲክ መዋጥ ነው።

ቁስሉን መጭመቅ፣ መብጣት፣ መፋቅ አያስፈልግም፤ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ቁስሉ የራሱን ሂደት ይጨርሳል። ማለትም ባክቴሪያው ሞቶም ቅርፊቱ ይጠቁራል፤ ቀስ ብሎም ይረግፋል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ማቋረጥ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባቸው ሐሳብ። አደራ፣ አይሞክሩት። ጠብታም ቢሆን።

የከብቱ ክትባት ሕያው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሞተ ነገር ወይም የተጣራ ፕሮቲን አይደለም፤ መብቀል የሚችል የአባሰንጋ ስፖር ነው፤ ስፖር ማለት ባክቴሪያው እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይበት ቅርጽ ነው። አንድ ከብት በአንድ መርፌ የሚወስደው ስፖር በሚሊዮን ይቆጠራል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ዝርያ ማክስ ስተርን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኦንደርስተፑርት በተባለው የእንስሳት ምርምር ተቋም ያገኘው ነው። አባሰንጋ ሁለት ዋና መሣሪያ አለው። አንዱ መርዙ ነው። ሌላው ከሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች የሚሸሽግበት ልባስ ነው። የስተርን ዝርያ ልባሱን የሚሠራበትን ክፍል አጥቷል። መርዙን ግን አሁንም ያመርታል። ለዚህ ነው ከብቱን ሳይገድል መከላከያ የሚያስገኝለት። ለዚህም ነው ፍየሎች ላይ አንዳንዴ ከባድ ምላሽ የሚያስከትለው። ከስፖሩ ጋር ሳፖኒን የሚባል፣ የተወጋውን ቦታ ሆን ብሎ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገርም ይጨመራል። መጠኑም ሆነ አዘገጃጀቱ ለከብት የተሰላ ነው። ለሰው ስንት ይበቃል፣ ስንት ይጎዳል የሚለውን ጠርሙሱ ላይ አያገኙትም።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ሰው «በሶቪየት ኅብረት ለሰው ሕያው ክትባት ይሰጥ የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ሶቪየቶች በ1940ዎቹ ለሰው የሚሆን ሕያው የስፖር ክትባት ሠርተዋል። ሩሲያ ውስጥ ዛሬም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቆዳን በስሱ ጫር ጫር አድርጎ በላዩ ላይ በማንጠባጠብ ነው። ቻይናም የራሷ አላት። እነዚህ ግን ለሰው ተብለው የተዘጋጁ፣ በሰው ላይ የተሞከሩ፣ መጠናቸው ለሰው የተወሰነ ናቸው። ከበረት የመጣ ጠርሙስ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ለሰው የሚሆን ክትባት የለም የተባሉት እንግዲህ ትክክል አይደለም። አለ። እንዲያውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ ባዮትራክስ በሚል ስም ይታወቃል። በብሪታኒያም በ1979 ፈቃድ ያገኘ ተመሳሳይ ክትባት አለ። ሁለቱም ሕያው አይደሉም። አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ ልባስ የሌለው የአባሰንጋ ዝርያ በፈሳሽ ውስጥ እንዲራባ ይደረጋል። ባክቴሪያው እያደገ ሳለ የመርዙን ክፍሎች ወደ ፈሳሹ ይለቃል። ከዚያ ፈሳሹ ይጣራል፤ ባክቴሪያው ይቀራል፤ ፕሮቲኑ ይወሰዳል። የተገኘው ፕሮቲን ከአልሙኒየም ጨው ጋር ይዋሃዳል። በጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል፤ ከመወጋቱ በፊት መነቅነቅ አለበት። ከዚህ ክትባት አባሰንጋ ሊይዝዎት አይችልም፤ የሚበቅል ነገር ውስጡ የለም።

ታዲያ ፕሮቲን ብቻውን እንዴት ይከላከላል? የአባሰንጋ መርዝ ሦስት ቁራጭ ነው። ሁለቱ ገዳዮቹ ናቸው፤ አንዱ ሰውነትን ያሳብጣል፣ ሌላው ሴሎችን ይገድላል። ሁለቱም ግን ብቻቸውን ወደ ሴል መግባት አይችሉም። የሚያስገባቸው ሦስተኛው ቁራጭ ነው። እሱ ሴሉ ላይ ይጣበቃል፣ ከመሰሎቹ ጋር ተገጣጥሞ ቀለበት ይሠራል፣ ገዳዮቹን ተሸክሞ ያስገባል። ክትባቱ ሰውነታችን በዚህ አስገቢ ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም እየያዘ ከሥራ ውጭ የሚያደርገው የደም መከላከያ፣ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል። አንቲቦዲው አስገቢውን ከያዘው ገዳዮቹ ውጭ ይቀራሉ። እኔ በዚህ አሠራር ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ ሁለቱን ገዳዮች ሳይነኩ ሦስተኛውን ብቻ በመያዝ በሽታውን ማስቆም ይቻላል።

በሰው ላይ እንደሚሠራ በምን ታወቀ ቢሉ፣ መልሱ ያለው የፍየል ፀጉር የሚፈትሉ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ አራት ፋብሪካዎች ከውጭ የመጣ ጥሬ የፍየል ፀጉር ያዘጋጁ ነበር። ፀጉሩ ስፖር ይዞ ስለሚመጣ ሠራተኞቹ በየጊዜው ቆዳቸው ላይ አባሰንጋ ይወጣባቸው ነበር። ከ1955 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ለከፊሎቹ የዛሬው ክትባት ቀዳሚ የሆነው ተሰጠ፤ ለከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት መርፌ። ጥናቱ እየተካሄደ ሳለ በ1957 ከፋብሪካዎቹ በአንዱ፣ ማንቸስተር ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ በሽታው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ዘጠኝ ሰው ታመመ። አምስቱ በሳንባ የገባው፣ እጅግ ከባዱ ዓይነት ነበር የያዛቸው፤ ከእነሱ አራቱ ሞቱ። ከአምስቱ አንድም ክትባቱን የወሰደ አልነበረም። ጥናቱ ሲጠቃለል ክትባቱ 92.5 በመቶ እንደሚከላከል ተገኘ። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚናገረው በቆዳ ስለሚገባው ዓይነት ነው፤ በሳንባ የታመሙት በቁጥር ለብቻቸው መደምደሚያ ለመስጠት አይበቁም ነበር። በሳንባ ለሚገባው ያለን ማስረጃ በአብዛኛው ከጥንቸልና ከዝንጀሮ የተገኘ ነው። ሰውን ሆን ብሎ ስፖር አስተንፍሶ መሞከር አይቻልማ።

ክትባቱ ካለና ከሠራ፣ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ይህ ጥያቄዎ ፍትሐዊ ነው። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ግን አንዱ ነው። አባሰንጋ ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም። ኩፍኝን ያስቡ፤ አንድ ልጅ ሲከተብ የጎረቤቱም ልጅ በተዘዋዋሪ ይጠበቃል፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳልና። በአባሰንጋ ግን እንዲህ ያለ ሰንሰለት የለም። በሽታው ሰው ጋ ሲደርስ መንገዱ ያልቃል። አንድ ሺህ ሰው ቢከተብ ከብቱም መሬቱም እንደነበሩ ናቸው፤ አንድ ሺህ አንደኛው ሰው የሚደርስበት አደጋ በምንም አይቀንስም። አንድ መንጋ ሲከተብ ግን በሽታው ከምንጩ ይደርቃል። ባለቤቱ፣ አራጁ፣ ቆዳ ነጋዴው፣ ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ፣ ሁሉም ይተርፋሉ። ባለቤትዎ በማግስቱ ለከብቶቹ የሰጡት መርፌ በተግባር ለእርስዎና ለልጅዎ ጭምር የተሰጠ ክትባት ነው። ይህን ማጽናኛ ላደርገው ፈልጌ አይደለም። በሽታው የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በ2016 ሳይቤሪያ ውስጥ ያማል በተባለው ምድር ታይቷል። አጋዘኖች ለረጅም ዓመታት ይከተቡ ነበር። በሽታው ጠፋ ተብሎ በ2007 ክትባቱ ቆመ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እጅግ ሞቃት በጋ መጣ፤ በረዶ ሆኖ የቆየው መሬት ቀለጠ፤ ውስጡ ተኝቶ የነበረው ስፖርም ያን ጊዜ እንደወጣ ይታመናል። ከ2,000 በላይ አጋዘን አለቀ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞተ። ከዚያ በኋላ አጋዘኖቹም ሰዎቹም በጅምላ ተከተቡ። ቆሞ የነበረው የእንስሳት ክትባት ቢቀጥል ኖሮ ለሰዎቹ ክትባት መሯሯጥ ባላስፈለገ።

ስፖሩ ይህን ያህል መቆየቱ ብዙ ሰው አያምንም። በደረቅ መሬት ውስጥ ዝናብ እንደሚጠብቅ ዘር ነው። ብሪታንያውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እና በ1943፣ ግሩይናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ አባሰንጋን እንደ ጦር መሣሪያ ሞክረው ነበር። ደሴቲቱ በ1986 ፎርማልዴሃይድ በተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል እስክትታጠብ ድረስ ተዘግታ ቆየች፤ ደኅና ናት የተባለችው በ1990 ነው። ለዚህ ነው የሞተው ከብት አይከፈት፣ አይገፈፍ፣ ደሙ መሬት ላይ አይፍሰስ የምንለው። ባክቴሪያው ስፖር የሚሆነው አየር ሲያገኝ ነውና።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልበል። የሰው ክትባት አንድ መርፌ አይደለም። የባዮትራክስ አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛው ወር እና በ6ኛው ወር በጡንቻ ይሰጥና በ12ኛውና በ18ኛው ወር ማጠናከሪያ ይከተላል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው፤ የሚያሰጋው ነገር ለጊዜው ለራቀለት ሰው በየ3 ዓመቱ ይበቃል። የብሪታኒያው ደግሞ ሦስት መርፌ በሦስት በሦስት ሳምንት ልዩነት፣ አራተኛው ከሦስተኛው ስድስት ወር በኋላ። ይህን ሁሉ ለሕዝብ በሙሉ ማዳረስ ይከብዳል። የሚመረተውም በአብዛኛው ለመንግሥታት የአደጋ ጊዜ ክምችትና ለወታደሮች ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ የማይገኘው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በቆዳ የሚገባው ዓይነት በየትም በሚገኝ አንቲባዮቲክ ይድናል።

ታዲያ ለማን ይሰጣል? የአባሰንጋን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ለሚያራቡ፣ በሽታው ካለበት አገር የመጣ ቆዳ፣ ፀጉር ወይም አጥንት ለሚያዘጋጁ፣ ለአንዳንድ ወታደሮች። በሽታው በሚበዛበት አካባቢ የታመመ ከብት ደጋግመው ለሚነኩ የእንስሳት ሐኪሞችም ሊመከር ይችላል። ባለቤትዎ እንግዲህ ክትባቱ በሚገኝበት አገር ቢሆኑ ሊታሰብላቸው ከሚችሉት ሰዎች መካከል ናቸው። መሥሪያ ቤታቸውን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። መጠየቅ መብት ነው፤ ቅብጠት አይደለም። የለም ቢባሉ ግን የሚያጡት ሁለተኛውን መከላከያ ነው። አንደኛው ጥሩ ጓንት ነው። የጓንቱን ጉዳይ አጥብቀው ይያዙ፤ ወፈር ያለ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ፣ ሲቀደድ ወዲያው የሚለወጥ፣ መለዋወጫውም እዚያው በእጅ ያለ። ቁስል ያለበት እጅ ደግሞ ጓንትም ቢደረግለት የዚያን ዕለት ሥራውን ለሌላ ሰው ይተው።

ባለቤትዎ አሁን፣ ከተጋለጡ በኋላ፣ ክትባቱ ቢገኝ ይጠቅማቸው ነበር ወይ? ብዙም አይጠቅማቸውም። አዲስ ክትባት አንቲቦዲ እስኪያስገኝ ሳምንታት ይፈጃል። በቆዳ የሚወጣው አባሰንጋ እስከዚያ አይጠብቅም። ከመጋለጥ በኋላ ክትባት የሚሰጠው ስፖሩን ወደ ሳንባቸው አስተንፍሰዋል ለሚባሉ ሰዎች ነው፤ ያውም ከአንቲባዮቲክ ጋር።

ይህ የሳንባው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ወደ ሳንባ የገባ ስፖር ወዲያው ላይበቅል ይችላል። ሳምንታት ተኝቶ ይቆያል። አንቲባዮቲክ የሚገድለው የበቀለውን ብቻ ነው፤ የተኛውን አይነካውም። በ1979 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ስቨርድሎቭስክ በምትባል ከተማ ከአንድ ወታደራዊ ተቋም ስፖር አፈትልኮ ቢያንስ 66 ሰው ሞተ። ባለሥልጣናቱ ለዓመታት የተበከለ ሥጋ ነው ሲሉ ቆይተው ነበር። የዚያን ጊዜ አንዳንዶቹ የታመሙት ስፖሩ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ቆይተው ነው። ለዚህ ነው አንቲባዮቲኩ ለ60 ቀን የሚሰጠው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ስፖር በፖስታ ሲላክ 22 ሰው ታሞ አምስቱ ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ለ60 ቀን እንዲውጡ ተመከሩ። ብዙዎቹ ሳይጨርሱ አቋረጡ። ጤነኛ የሚሰማው ሰው ሁለት ወር መድኃኒት መዋጥ እንደሚሰለቸው የታወቀ ነው። ክትባቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ አሁን የሚበቅለውን ይገድላል፤ በዚያው ጊዜ ክትባቱ አንቲቦዲ ያስገነባል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ የዘገየ ስፖር ቢበቅል አንቲቦዲው ይጠብቀዋል። ለዚህ ጥቅም ባዮትራክስ በ2015 ተፈቅዶ በ0፣ በ2 እና በ4 ሳምንት ከቆዳ ሥር ይሰጣል። በ2023 ደግሞ ሳይፈንደስ የተባለ፣ የመከላከያ ምላሹን የሚያፋጥን ቅመም የተጨመረበት ክትባት ተፈቀደ፤ እሱ ሁለት መርፌ ብቻ ነው፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት። ሁለቱም ለዚህ አገልግሎት የተፈቀዱት ከ18 እስከ 65 ዓመት ለሆኑ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ እርስዎና ወደ ልጅዎ ልምጣ። ሬሳውን አልነካችሁም፤ ሥጋውንም አልበላችሁም ብዬ ነው የምነሳው። እንደዚያ ከሆነ ክትባትም መድኃኒትም አያስፈልጋችሁም። ባለቤትዎ ቢታመሙ እንኳ በትንፋሽ፣ በሳል፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍባችሁም። ቁስል ከወጣባቸው ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ በባዶ እጅ አለመንካትና ቁስሉን ሸፍኖ መያዝ ይበቃል። የዚያን ዕለት የለበሱትን ልብስ ግን አያራግፉት። ለብቻው በፌስታል አድርገው ይዘው፣ ጓንት አጥልቀው፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ያጥቡት። ጫማቸውን ቤት አያስገቡት፤ ልጁ እንዳይነካው። ሥጋው ተቀምሶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የበላ ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይ። በሚገባ በስሏል የሚለውን መተማመኛ አያድርጉት።

በእርግዝና ላይ ክትባቱን በተመለከተ፣ ሳይጋለጡ በፊት ለመጠንቀቅ ብቻ አይሰጥም፤ እስኪወልዱ ይቆያል። ስፖር አስተንፍሳለች ተብላ ለምትሰጋ ነፍሰ ጡር ግን ይሰጣል፤ በሳንባ የሚገባው አባሰንጋ ለእናትም ለጽንስም ከክትባቱ እጅግ የከፋ ነውና። ሕያው ስላልሆነ የምታጠባ እናት መውሰድ ትችላለች። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግዎ ነገር ቢመጣ እርግዝናዎን አስቀድመው ይናገሩ፤ የመድኃኒቱ ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል። ክትባቱ ለልጆች መደበኛ ፈቃድ የለውም፤ ከባድ አደጋ ሲደርስ ብቻ በልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል።

ስለ ክትባቱ ጎጂነት ብዙ ሲወራ ሰምተው ሊሆን ይችላል። ወሬው የመነጨው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከተነሳው ክርክር ነው። በ1998 ወታደሮች በግዴታ መከተብ ጀመሩ፤ ብዙዎች እምቢ አሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2004 ግዴታው ታገደ፤ በኋላ እንደገና ቀጠለ። መሐል ላይ በ2002 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም የተባለው አካል መረጃውን መርምሮ ክትባቱ ውጤታማና በበቂ ሁኔታ ደኅና ነው አለ። ሰው በግዴታ ሲወጋ መጠራጠሩ አይገርመኝም፤ ያለ በቂ ማብራሪያ ያስገድዱ የነበሩትን ነው የምወቅሰው። ክትባቱ ራሱ የሚያመጣው በአብዛኛው የክንድ ሕመም፣ መቅላት፣ ጓጓላ እብጠት፣ ራስ ምታት፣ ድካም ነው። ሴቶች ላይ የተወጋው ቦታ ምላሽ ይበረታል። ከቆዳ ሥር ይሰጥ የነበረው በጡንቻ ሲሆን ይህ ምላሽ ቀንሷል። ከባድ አለርጂ ሊያጋጥም ይችላል፤ ግን እምብዛም አይታይም።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ፤ ለባለቤትዎ ሥራ ስለሚጠቅም ግን ልንገርዎት። ከብት ሲከትቡ ሲሪንጁ ራሳቸውን ሊወጋቸው ይችላል። እንስሳው ይወራጫል፣ መርፌው ይስታል። ይህ ሲሆን ሥራውን አቁመው ቦታውን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ደም ከወጣ ይውጣ፣ በአፍ አይምጠጡት። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። የክትባቱ ዝርያ የተዳከመ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነገር አይከተልም፤ ግን ቦታው ሊቆጣ፣ ሊያብጥ ይችላል፤ ሐኪሙም አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። የጠርሙሱን ጽሑፍ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይውሰዱ። ስለ እንስሳት ክትባት የማያውቅ ሐኪም «ክትባት ነው የወጋኝ» ሲባል ሕያው መሆኑ ላይታየው ይችላል፤ ጽሑፉን ሲያነብ ይገባዋል።